ስንት ኪሎ ነህ?

ፖደርስዶርፍ ሐይቁ ጥልቀት የሚሉት አያውቅም፣
ወገብ ይደርሳል እንጂ ሰው አያሰጥምም።
ንፋሱ ግን፣ ንፋሱ፣ ከሰሜን ምዕራብ መጥቶ
ሸንበቆውን ሁሉ ያሰግዳል ጎትቶ።

ትራም የማጥብ ሰው ነኝ፣ ቪየና፣ በሌሊት፤
ዋና የተማርኩትም ገና አምና በክረምት።
የሰው ሸራ ሲከንፍ አይቼ በአንድ እሑድ
«እኔስ?» የምትል ቃል ገባች ከኔ ሆድ።
ሱቅ ሄጄ የአዲሱን ብጠይቅ ዋጋ፣
ቁጥሩ ከደሞዜ ቀንድ ለቀንድ ሲዋጋ፣
ወጣሁ ቀስ ብዬ፣ ሰልባጅ ፍለጋ።

ከተማው ብሩክ ይባላል። ይኸው ስም አሳሳተኝ፤
የተባረከ አገር ሰው የሚዋሽ አልመሰለኝ።
ማንፍሬድ ጋራዡን ከፍቶ ቦርዱን አወጣልኝ፣
በጨርቅ ወለወለው፣ ፀሐይ ላይ አበራልኝ።
«እንደ አዲስ ነው» አለ፤ «ሁለቴ ነው የወጣ፤
ነገ ሌላ ሰው አለ፣ ከግራትስ የሚመጣ።»

በቅሎ ቢሆን ጥርሱን ገልጬ አይ ነበር፤
አባቴ አስተምሮኛል፣ ኮቴ ማንኳኳቱን፣ ከኮርቻው ሥር ሰንበር።
ቦርድ ግን ጥርስ የለው። ከየት ይጀመራል?
የማያውቅ ሰው ዓይኑ ቀለም ላይ ያርፋል።
ቀለሙ ብርቱካንማ ነበር።
ሦስት መቶ ሰማንያ ዩሮ ቆጥሬ ሰጠሁ፤
እሱ ደግሞ ሲቆጥር፣ እኔ አመሰገንኩ።

ሐይቁ ላይ ቆምኩበት።
አልቆምኩበትም። ገባ።
ሾርባ ውስጥ እንደ ማንኪያ ቀጥ ብሎ ገባ።
ሰማንያ አምስት ሊትር! ለአዋቂ የተሠራ፣
ካልበረረ በቀር ሰው የማይሸከም አሞራ።
ሸራውን ስጎትት ፀሐይ የበላው መስኮቱ
ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፤ ጋዜጣ ሲቀደድ ነው ድምፀቱ።
የሰባት ዓመት ልጅ በአጠገቤ ሲያልፍ እጁን አውለበለበልኝ።
እኔም አውለበለብኩ። ምን ላድርግ?
ውሃው ወገቤ ላይ ነው፤ ኩራቴም እዚያው።

ጓሮ አጋደምኩት። ከአፍንጫው ሥር፣
በጥፍር ቀለም ከተደፈነች ስንጥቅ፣
ሦስት ቀን ሙሉ አነባ። ጠብ። ጠብ።
የጎረቤቴ ድመት እየመጣች ጠጣችለት።
ማንፍሬድ ዘንድ ደወልኩ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፤
አሁንም ይጠራል መሰለኝ።

በሐምሌ ሄርታን አገኘሁ፤ ጡረተኛ ፖስተኛ፣
ትከሻዋ የሚያማት፣ ምላሷ ግን ጤነኛ።
ዕቃዋን ሣር ላይ ዘርግታ ጉድለቱን አስቀደመች፤
«እዚህ ተጠግኗል፣ ዳስሰው። ይሄ ገመድ አርጅቷል» አለች።
«ይሄ ምሰሶ ደግሞ ከዚያኛው ሸራ
ቢጋቡም ይፋታሉ፤ አይኖሩም በጋራ።»
ከዚያ ከእግር እስከ ራሴ በዓይኗ መዘነችኝ፦
«ስንት ኪሎ ነህ?»
አራት ነው ስድስት ልላት አማረኝ፣ ለቀልድ፤
ማን ሊስቅልኝ፣ በዚያ ሁሉ ሜዳ፣ ከዳክዬ ሌላ?
«ሰማንያ ሰባት» አልኩ።

እጄን ስዘረጋ ወደ ትልቁ ሸራ፣ ወደሚያምረው፣
«አልሸጥልህም» አለች፤ «ትከሻዬን የጨረሰው እሱ ነው።»
ገንዘብ የያዘን ሰው እምቢ የሚል ነጋዴ
እስከ ዛሬ አላየሁም፣ እንኳን ሁለቴ አንዴ።
በመቶ ሃያ ዩሮ የቤት በር የሚያህል ቦርድ ሰጠችኝ፤
ቢጫው የወየበ፣ ጠርዙ የታኘከ፣
ሌባ እንኳ የማይመኘው።

ምርቃት ልጠይቃት ብዬ ቃሉን በጀርመንኛ አጣሁት፣
የገበያውን ጭማሪና የሽማግሌን ቡራኬ አንድ ላይ የያዘውን፤
ሳልጠይቃት ግን ትርፍ ክንፍ ጨመረች፣ ጓንት ጨመረች፣
ቅዳሜ ጧት ደግሞ መጥታ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቧ ቆመች፦
«ጉልበትህን እጠፍ! እኔን አትይ፣ የምትሄድበትን እይ!»
አሥራ አንዴ ወደቅሁ። በአሥራ ሁለተኛው
ሸራው ንፋሱን ነከሰ።
ሃያ ሜትር ይሆናል፤ ሠላሳ አይሞላም።
ሃያውን ሜትር ግን እግሬ ውሃ አልነካም።

ብርቱካኑ ቦርድ ዛሬም አጥሬን ተደግፏል።
በቀደም ፋቢያን የሚሉት ወጣት መጣ፤ ሁለት መቶ ይዟል።
«ይሸጣል?» አለ፣ ቀለሙን እያየ።
«እንደ አዲስ ነው» የምትል ቃል ከምላሴ ጫፍ ደረሰች፣
ሦስት መቶ ሰማንያዬን ታቅፋ ትንሽ ተቀመጠች።
ጣቱን ይዤ ስንጥቁ ላይ አሳረፍኩት።
«ስንት ኪሎ ነህ?» አልኩት።